ውልወላ የሚሰጠው ውበትና የሚወስደው ዋጋ

በገጠርም ይሁን በከተማ ያደገ ሰው ብይን ያውቃታል። ልጆች መሬት ላይ በቆፈሯት ትንሽ ጉድጓድ ዙሪያ ተንበርክከው በጣታቸው እያስፈነጠሩ ይጫወቱባታል፤ የተሸነፈ ያስረክባታል፤ ያሸነፈ በኪሱ እያንቃጨለ ይዟት ይሄዳል። ከመንደር ሱቅ በርካሽ ስለምትገዛ ብትሸረፍም ሆነ ብትጠፋ ከልጁ በቀር የሚቆጭባት አይኖርም።

በአሜሪካና በአውሮፓ ግን ጥንታዊ የመስታወት ብይ ራሱን የቻለ ገበያ አለው። ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠሩ ብዮች በሰብሳቢዎች ዘንድ በመቶዎች፣ ብርቅ የሆኑት ደግሞ በሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣሉ። እነዚህም ቢሆኑ መጀመሪያ የተሠሩት ለልጆች መጫወቻ ነበርና አብዛኞቹ እርስ በርስ ተጋጭተው፣ ከድንጋይ ጋር ተላትመውና ተሸራርፈው ነው ለዛሬ የደረሱት። በመሆኑም የአያቱን የብይ ከረጢት የወረሰ ሰው አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ የተሸረፈችው ብይ ተወልውላ እንደ አዲስ ብታንጸባርቅ ዋጋዋ ይጨምራል ወይስ ይቀንሳል?

ብዙ ሰው «ይጨምራል» ብሎ ይገምታል። ገበያው የሚሰጠው መልስ ግን አብዛኛውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። ምክንያቱን መረዳት የሚጠቅመው ለብይ ሰብሳቢዎች ብቻ አይደለም፤ በቤቱ አሮጌ ጠገራ ብር ላስቀመጠ ቤተሰብም ሆነ ሲያርስ ጥንታዊ ሳንቲም ለሚያገኝ አርሶ አደር ትምህርት አለው።

ብዮቹ ከየት መጡ?

የጥንታዊ የመስታወት ብይ ታሪክ በዋናነት ከጀርመን፣ በተለይም በቱሪንጊያ ተራሮች መካከል ከምትገኘው ላውሻ ከተማ ጋር የተያያዘ ነው። ከተማዋ ከጥንት ጀምሮ በመስታወት ሥራ የምትታወቅ ስትሆን፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ባለሙያዎቿ ለብይ ሥራ የሚሆን ልዩ መቀስ ፈለሰፉ። የመቀሱ አንደኛው ጫፍ እንደ ትንሽ ጽዋ ጎድጓዳ ነው። ባለሙያው ግልጽ በሆነ የቀለጠ መስታወት ላይ ባለቀለም ክሮችን ደርቦ ረጅም ዘንግ ያዘጋጃል፤ ዘንጉ እየተጠመዘዘ ሲሳብ ክሮቹ እንደ ተገመደ ገመድ ይዞራሉ። ከዚያም የዘንጉን ጫፍ በእሳት አለስልሶ በመቀሱ ጎድጓዳ ውስጥ እያሽከረከረ ያከበውና ይቆርጠዋል።

ብይዋ ከዘንጉ ስትለይ በተቆረጠችበት ቦታ ሸካራ ጠባሳ ይቀራል። ይህ ጠባሳ ለማያውቅ ሰው እንደ ጉድለት ይታያል፤ ለሚያውቅ ግን ብይዋ በእጅ ስለመሠራቷ ዋነኛው ማስረጃ ነው። በሬ የሚገዛ ገበሬ ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን እንደሚገምት ሁሉ፣ ጥንታዊ ብይ የሚገዛ ሰውም በመጀመሪያ የሚመለከተው ይህንኑ ጠባሳ ነው።

ቀጥሎ የመጣው የማሽን ዘመን ነው። በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት በአክሮን ከተማ ይኖር የነበረው ማርቲን ፍሬደሪክ ክሪስተንሰን እ.ኤ.አ. በ1905 የመስታወት ብይ ለሚሠራ ማሽን የፈጠራ ባለቤትነት መብት አገኘ። የቀለጠው መስታወት ቦይ ባላቸው በሚሽከረከሩ ዘንጎች መካከል እየተንከባለለ ክብ ሆኖ ይቀዘቅዛል። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የጀርመንን ብይ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ሲያግደው፣ እንደ አክሮ አጌት ያሉ የአሜሪካ ኩባንያዎች ገበያውን ያዙ። ዛሬ ከ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የቀሩት የእነዚህ ኩባንያዎች ውጤቶችም በሰብሳቢዎች ይፈለጋሉ።

ከዚህ በኋላ፣ በ1950ዎቹ አካባቢ፣ ግልጽ መስታወት ውስጥ እንደ ድመት ዐይን ቀጠን ያለ ቀለም የያዙት ብዮች ከጃፓን ተነሥተው በዓለም ተሠራጩ። ልጆች በየመንደሩ የሚጫወቱባቸው አብዛኞቹ ብዮች የዚህ ዓይነት ናቸው። በብዛት የተመረቱ በመሆናቸው ያለ አንዳች ጭረት ቢገኙ እንኳ የሚያወጡት ገንዘብ አነስተኛ ነው።

ዋጋዋ በምን ይለካል?

ወርቅና ብር ተሰብረውም ቢሆን ይመዘናሉ፤ ቀልጠውም ቢሆን ይሸጣሉ። መስታወት ግን እንደዚያ አይደለም። ብይ የተሠራችበት ቁስ ዋናው ንጥረ ነገሩ አሸዋ ነው፤ በራሱ ይህ ነው የሚባል ዋጋ የለውም። የብይ ዋጋ ሙሉ በሙሉ የሚመነጨው ከአሠራሯ፣ ከቀለሟ፣ ከመጠኗ፣ በቁጥር ጥቂት ከመሆኗና ካለችበት ሁኔታ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ባለቤቱ በእጁ ሊለውጠው የሚችለው ሁኔታዋን ብቻ ስለሆነ ፈተናው የሚመጣውም በዚሁ በኩል ነው።

ሰብሳቢዎች የብይን ሁኔታ በደረጃ ይመድባሉ። በስፋት በሚሠራበት የ10 ነጥብ መለኪያ 9 እና ከዚያ በላይ የምታገኘው ከፋብሪካ ወይም ከባለሙያው እጅ እንደወጣች የቆየችው ናት። 8 እና ከዚያ በላይ ያላት ጥቃቅን የአገልግሎት ምልክት የሚታይባት፣ 7 እና ከዚያ በላይ ያላት ደግሞ በግልጽ የሚታይ ጉዳት ያለባት ነገር ግን ውበቷ ያልጠፋ ናት። ከዚያ በታች ያሉት ክፉኛ የተጎዱ ናቸው። ከአንዱ ደረጃ ወደ ቀጣዩ በተወረደ ቁጥር ዋጋው በከፍተኛ መጠን ያሽቆለቁላል።

ጉዳቱም ዓይነቱ ብዙ ነው። መስታወት ሲመታ እንደ እንጨት አይሰረጉድም፤ እንደ ዛጎል ጠርዝ በተጠማዘዘ መልክ ይሸረፋል። አንዳንዴ ቁራሹ ሳይወድቅ ከገጹ ሥር በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ስንጥቅ ይቀራል። በከረጢት ውስጥ ለዓመታት ሲፋተጉ የኖሩ ብዮች ደግሞ ገጻቸው በጥቃቅን ጭረቶች ተሸፍኖ ጭጋግ የለበሰ ይመስላል።

ውልወላው እንዴት ይከናወናል?

ብይ መወልወል በጨርቅ ከማሸት የተለየ ሥራ ነው፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ገጽን ፍቆ የማንሳት ሥራ ነው። በሙያው የተሰማሩ ሰዎች ጎድጓዳ አፍ ያላቸው፣ ብይዋን ከየአቅጣጫው ይዘው በተለያየ አቅጣጫ የሚያሽከረክሯት ሦስት ወይም ከዚያ በላይ ጭንቅላቶች ያሉትን ማሽን ይጠቀማሉ። በጭንቅላቶቹና በብይዋ መካከል መሳያ ዱቄት በውኃ ተበጥብጦ ይጨመራል። ሥራው የሚጀመረው እንደ አልማዝ ዱቄት ባለ ጠንካራና ሸካራ መሳያ ሲሆን፣ ደረጃ በደረጃ ወደ ደቃቁ ይሄዳል። እያንዳንዱ ዙር ያለፈው ዙር የተወውን ጭረት ያጠፋል። በመጨረሻም ለመነጽርና ለካሜራ መስታወት ማለስለሻ የሚያገለግለው ሴሪየም ኦክሳይድ የተባለ ዱቄት ይጨመርና ብይዋ እንደ ጤዛ ታበራለች።

ውኃው ሁለት አገልግሎት አለው፤ ፍትጊያው የሚፈጥረውን ሙቀት ያበርዳል፤ ለሳንባ ጎጂ የሆነው የመስታወት ብናኝ እንዳይነሣም ያደርጋል። ሙቀቱ ካልተገታ ብይዋ በሥራው መካከል ለሁለት ልትከፈል ትችላለች። ከገጿ በታች የተደበቀ ስንጥቅ ካለም በፍቂያው ወቅት ሊሰፋ ይችላል። አደጋው እንግዲህ ገና ሳትሸጥ ይጀምራል።

ከሽራፊው ጋር አብሮ የሚጠፋው

የጉዳዩ ፍሬ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ቦታ ያለን ሽራፊ ለማጥፋት ያንን ቦታ ብቻ መፋቅ አይቻልም፤ ቢፋቅ ብይዋ ክብነቷን ታጣለች። ስለዚህ ዙሪያዋ በሙሉ እስከ ሽራፊው ጥልቀት ድረስ እኩል መውረድ አለበት።

ስሌቱ ቀላል ነው። ወርዷ 16 ሚሊ ሜትር የሆነ አንዲት ብይ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ሽራፊ አለባት እንበል። ሽራፊው ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ ከሁሉም አቅጣጫ 1 ሚሊ ሜትር ሲነሣ ወርዷ ወደ 14 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ለዐይን ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ የቀነሰች ትመስላለች፤ ከአካሏ ግን አንድ ሦስተኛው ያህል በዱቄት መልክ ከውኃው ጋር ሄዷል። መጠን ራሱ የዋጋ መለኪያ በሆነበት ገበያ ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም።

ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደው ግን የማስረጃው መጥፋት ነው። በእጅ በተሠራች ብይ ላይ የነበረው የመቁረጫ ጠባሳ ከገጹ ጋር አብሮ ይፋቃል። በማሽን በተሠራችውም ላይ የቀለጠው መስታወት የታጠፈበትና የተቆረጠበት ስስ መስመር ይጠፋል። ብይዋ የየትኛው ዘመንና የየትኛው አምራች ሥራ እንደሆነች የሚመሰክሩት እነዚህ ምልክቶች ናቸው። እነሱ ከሌሉ ሻጩ እውነቱን ቢናገር እንኳ የሚያረጋግጥለት ነገር ያንሰዋል።

ሦስተኛው ጉዳት በቀለሟ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ብዮች ቀለማቸው በመሐል፣ በጥልቁ ውስጥ ነው፤ እነዚህ ገጻቸው ቢፋቅም ውበታቸው ይተርፋል። በሌሎቹ ላይ ግን ቀለሙ ከገጹ በታች በቀጭን ግልጽ መስታወት ብቻ የተሸፈነ፣ ወይም በላይኛው ገጽ ላይ እንደ ስስ ልባስ የተነጠፈ ነው። በእነዚህ ላይ ማሽኑ ከጭረቱ ጋር ሥዕሉንም ይበላዋል። ሽራፊ ሊያጠፋ የተነሣ ሰው ብይዋን ተፈላጊ ያደረጋትን ነገር አጥፍቶ ይቀመጣል።

ከሁሉም በላይ ይህ ሥራ መመለሻ የለውም። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም እንደሚባለው የተፋቀ መስታወት ወደ ቦታው አይመለስም። የተሸረፈች ብይ ነገም ልትወለወል ትችላለች፤ የተወለወለች ብይ ግን ዳግመኛ ያልተነካች ልትሆን አትችልም።

ገበያው እንዴት ይመዝነዋል?

በሰብሳቢዎች ዘንድ የተወለወለች ብይ ምንም ያህል ብታበራ ካልተነካችው እኩል አትቆጠርም። ዓይነታቸው አንድ ከሆነ ከፍተኛውን ዋጋ የምታወጣው ሳትነካ ደህና የቆየችው ናት፤ ቀጥሎ ጥቂት የአገልግሎት ምልክት ያላት ነገር ግን የመጀመሪያ ገጿን የያዘችው ትመጣለች። የተወለወለችው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለቱም በታች ትገኛለች። በመሆኑም መጠነኛ ጭረት ብቻ ያለባትን ብይ ማስወልወል «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው፤ ባለቤቱ ለሥራው ከፍሎ ንብረቱን ያረክሳል።

ይህ ማለት ግን ውልወላ ሁሌም ስሕተት ነው ማለት አይደለም። ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲገጥሙ ምክንያታዊ ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ ገጿ ክፉኛ ከመጎዳቱ የተነሣ በውስጧ ያለው ነገር የማይታይ ሲሆን ነው። ለምሳሌ በግልጽ መስታወት መሐል ብርማ ነጭ የእንስሳ ወይም የሰው ምስል የያዙ የጀርመን ብዮች አሉ፤ ገጻቸው ከደፈረሰ የተሠሩበት ዋና ነገር ይሸፈናል። ሁለተኛው፣ ብይዋ ትልቅ ሆና ቀለሟ ወይም ምስሏ በጥልቁ ውስጥ በመሆኑ ከመፋቅ የሚተርፍ ሲሆን ነው። ሦስተኛው፣ ባለቤቱ የሚፈልጋት ለመደርደሪያ ጌጥ እንጂ ለሽያጭ ካልሆነ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜም ቢሆን ከመጠን በላይ ሳይፈቀፍቁ፣ ጥልቁን ሽራፊ ትቶ ጭጋጉን ብቻ ማንሳት የተሻለ ይሆናል።

የተወለወለችውን እንዴት መለየት ይቻላል?

ገዢ ራሱን ከመታለል የሚጠብቅባቸው ጥቂት ምልክቶች አሉ። የመጀመሪያው በእጅ የተሠራች ናት በምትባል ብይ ላይ የመቁረጫው ጠባሳ መጥፋቱ ነው። ጠባሳው ቢኖርም ጠርዙ ለስልሶ የሚያብለጨልጭ ከሆነ ሊጠረጠር ይገባል። ሁለተኛው፣ በገጿ አቅራቢያ ያሉ ባለቀለም ክሮች መሐል ላይ ድንገት ተቆርጠው ወይም ሳስተው መታየታቸው ነው። ሦስተኛው ክብነቷ ነው፤ በጥንቃቄ ጉድለት የተፋቀች ብይ ስትንከባለል ትወላገዳለች፣ በብርሃን ስትታይም ጠፍጣፋ ቦታዎች ይታዩባታል። አራተኛው፣ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የማሽኑ ጥቃቅን ትይዩ ጭረቶች መኖራቸው ነው።

አንድ ሌላ ዘዴም አለ። ዘይት በጭረቶቹ መካከል ገብቶ ለጊዜው ስለሚሸፍናቸው፣ ዘይት የተቀባች ብይ ያልተጫረች ትመስላለች። በለስላሳ ሳሙና ታጥባ ስትደርቅ እውነተኛ ገጿ ይታያል። ስለዚህ ገዢ ብይዋን በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ማየቱ ከብዙ ጸጸት ያድነዋል።

ሻጭም ግዴታ አለበት። ብይን ማስወልወል በራሱ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ተወልውላ ሳለ ያልተነካች ብሎ መሸጥ ነው። በሰብሳቢዎች ገበያ ውልወላው በግልጽ መነገሩ የታማኝነት መለኪያ ነው። የደበቀ ሰው አንድ ጊዜ ያተርፋል፤ ስሙ ከተበላሸ በኋላ ግን እውነተኛ ዕቃ ይዞ ቢመጣም የሚያምነው አያገኝም።

ከብይ ወደ ጠገራ ብር

በኢትዮጵያ ጥንታዊ የመስታወት ብይ የሚሰበስብ ሰው ማግኘት ቀላል ላይሆን ይችላል። ብይዋ የምታስተምረው ነገር ግን በብዙ ቤት ለሚገኝ ሌላ ዕቃ ይሠራል። ከአያት ቅድመ አያት የወረደ ጠገራ ብር በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ተፈትጎ ነጭ እንዲሆን የሚደረግበት ጊዜ አለ።

ጠገራ ብር ወይም የማሪያ ቴሬዛ ብር ክብደቱ 28 ግራም ያህል ሲሆን፣ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ከሞተችበት ከ1780 እ.ኤ.አ. በኋላ የተመታውም ሁሉ ይህንኑ ዓመት እንደያዘ በቪየና፣ ቆይቶም በሮም፣ በለንደንና በሌሎች ከተሞች ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ የትኛው የት እንደተመታ የሚለየው በላዩ በተጻፈው ዓመት አይደለም፤ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቁዎችና በንስሩ ጅራት ላባዎች ባሉ ጥቃቅን ልዩነቶች ነው። አሸዋና አመድ መጀመሪያ የሚያጠፉት እነዚህኑ ነው። ብሩ እንደ ብይዋ ባዶ እጁን አይቀርም፤ በሚዛን የሚያወጣው ዋጋ አለው። የቅርስ ፈላጊው የሚጨምርለት ዋጋ ግን ከጥቃቅኑ ምልክት ጋር አብሮ ይሄዳል።

የአክሱም ዘመን ሳንቲም ሲሆን ጉዳዩ ከገንዘብ ያልፋል። የአክሱም ነገሥታት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀምሮ የወርቅ፣ የብርና የመዳብ ሳንቲም አስመትተዋል። በአንዳንዶቹ የብርና የመዳብ ሳንቲሞች ላይ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ የወርቅ ልባስ ይደረግ ነበር። ከአፈር የወጣን እንዲህ ያለ ሳንቲም ፈትጎ ማጽዳት በገጿ ላይ የተነጠፈ ቀለም ያላትን ብይ እንደ መፋቅ ነው፤ ልባሱ ከዝገቱ ጋር ይነሣል፣ የአንድ ዘመን ማስረጃም አብሮ ይጠፋል። እንዲህ ያለው ግኝት በሕግ የተጠበቀ ቅርስ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ሳይዘገይ እንዲያሳውቅና እንዳለ ጠብቆ እንዲያቆይ ያዝዛል። ለአርሶ አደሩ ቀላሉ መንገድ ያገኘውን ሳያጥብና ሳይፈትግ በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልሎ፣ የተገኘበትን ቦታ አስታውሶ፣ በአቅራቢያው ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ማስታወቅ ነው።

በቤት ውስጥ ምን ማድረግ ይበጃል?

አሮጌ የመስታወት ዕቃ ያለው ሰው ለብ ባለ ውኃ፣ በለስላሳ ሳሙናና በንጹሕ ጨርቅ ቢያጥበው በቂ ነው። የፈላ ውኃ ወይም ድንገተኛ ቅዝቃዜ ሊሰነጥቀው ይችላል። ብዮቹን በአንድ ከረጢት ከማጎር ይልቅ እያንዳንዳቸውን በጨርቅ ወይም በወረቀት ለይቶ ማስቀመጥ ከአዲስ ሽራፊ ያድናቸዋል። አሮጌ ሳንቲም ደግሞ በጠርዙ ተይዞ በደረቅ ቦታ ቢቀመጥ ይበቃዋል፤ የጠቆረው ገጹ የዕድሜው ምስክር ነው።

ማንኛውንም አሮጌ ዕቃ ለመፋቅ ወይም ለመወልወል ከመነሣት በፊት የሚያውቅ ሰው ማሳየት ምንም አያስከስርም። ዕቃው እስካልተነካ ድረስ ውሳኔው በባለቤቱ እጅ ነው፤ ማሽኑ ወይም አመዱ አንዴ ከነካው በኋላ ግን የሚወሰን ነገር አይቀርም።